ድንኳኑ የተገለጠ ዕለት

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ማታ ስድስት ሆነን በአንድ ወዳጃችን ቤት ተቀምጠን ነበር። በየወሩ የምናደርገው ነገር ነው። ቡና ይፈላል፤ ፈንዲሻ ይቀርባል፤ ባለተራው የጻፈውን ግጥም ወይም አጭር ልብ ወለድ ያነባል፤ የቀረነው እናደንቃለን፣ እንነቅፋለን፣ አንዳንዴም እንኳረፋለን። የዚያን ዕለት ባለተራው እኔ ነበርኩ። ግጥም ግን አልነበረኝም። ሒሳብ የሚዘጋበት ሰሞን ስለነበር በአእምሮዬ ከቁጥር በቀር የሚመላለስ ነገር አልነበረም። የባንክ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። እናም እንደ ማምለጫ አንድ አሮጌ ፊልም በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። «ዛሬ እየሣቅን እናምሽ» አልኳቸው።

ሣቅን። ከዚያም ተጣላን።

ፊልሙ «ማሽ» ይባላል። ስሙ «ተንቀሳቃሽ የጦር ሠራዊት የቀዶ ሕክምና ሆስፒታል» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የመጀመሪያ ፊደላት የተውጣጣ ነው። ታሪኩ በኮሪያ ጦርነት ዘመን ከግንባር ብዙ ሳይርቅ በተተከለ የድንኳን ሆስፒታል ውስጥ ይካሄዳል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመ ልብ ወለድ ነው። ሪቻርድ ሁከር በሚል የብዕር ስም መጽሐፉን ያሳተሙት ሐኪም ራሳቸው ኮሪያ ዘምተው በእንዲህ ያለ ድንኳን ውስጥ ቁስለኛ የቀደዱና የሰፉ ሰው ነበሩ። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሪንግ ላርድነር ጁኒየር ነው። ይህ ሰው በኮሚኒስትነት ተጠርጥሮ በአገሩ ምክር ቤት ፊት ለቀረበለት ጥያቄ አልመልስም በማለቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ወኅኒ የወረደ ነው። የኮሪያ ጦርነት የፈነዳውም በዚያው ዓመት ነበር። ዳይሬክተሩ ሮበርት አልትማን ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ግንባር የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ ሆኖ ከሃምሳ ጊዜ በላይ በረራ ያደረገ ነው። እንግዲህ በጦርነት ላይ ያላገጡት ሦስቱ ሰዎች በዘመናቸው የደረሰባቸውን ያውቁ ነበር።

ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በሸራው ላይ የሚታየው ኮሪያ ቢሆንም በሲኒማ ቤቱ ጨለማ ውስጥ በተቀመጠው ተመልካች ልብ ውስጥ የነበረው ቬትናም ነው። አልትማንም የፈለገው ይህንኑ ነበር። በመክፈቻው ላይ አገሩ ኮሪያ መሆኑን የሚናገረው ጽሑፍ የገባው ስቱዲዮው ስለጠየቀ ነው። ይኸው ስቱዲዮ በዚያው ዓመት ስለ ጄኔራል ፓተን የሚተርክ ታላቅ የጀግንነት ፊልም አውጥቷል። የኦስካር ምርጥ ፊልም ተብሎ የተሸለመው የጄኔራሉ ታሪክ ነበር፤ «ማሽ» በጽሑፉ ኦስካር አገኘ፤ በካን ፌስቲቫልም ከፍተኛውን ሽልማት ወሰደ። ከአንድ ማኅፀን ሁለት ልጆች ተወለዱ፤ አንዱ ለጦርነት የሚሸልል፣ ሌላው በጦርነት የሚሣለቅ።

ወደ ቅዳሜያችን ልመለስ።

የመጀመሪያው ሰዓት ሰላም ነበር። ሦስቱ ሐኪሞች፣ ሆክአይ፣ ዱክና ትራፐር ጆን፣ ከላይ እስከ ክርናቸው ደም ተነክረው ስለ እንቶ ፈንቶ ያወራሉ። ከአንዱ ቁስለኛ አንገት ደም እየተፈናጠረ ሐኪሙ ለባልደረባው ይቀልዳል። ድምፅ ማጉያው የማይረባ ማስታወቂያ ያነበንባል። ሁሉም በአንድ ላይ ስለሚናገር ማን ምን እንዳለ ለመያዝ ጆሮ ያስቸግራል፤ አልትማን ሆን ብሎ እንዲህ አድርጎ የቀረጸው ነው። ፍራንክ በርንስ የሚባል ጸሎተኛ መኮንን ሐኪም አለ። በእጁ የሞተበትን ቁስለኛ በአንድ ምስኪን ልጅ ረዳት ላይ አሳብቦ «የገደልከው አንተ ነህ» ይለዋል። ትራፐር ጆን ይህን አይቶ በቡጢ ሲያሳርፍበት ሁላችንም እኩል አጨበጨብን። ትልቅ ትንሹን ሲረግጥ ያየ ሰው ሁሉ የሚያጨበጭብለት ቡጢ ነው።

ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሙ ታሪክ መጣ። ወንድነቴ ከዳኝ ብሎ ራሱን ሊያጠፋ ይወስናል፤ ጓደኞቹም በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ረጅም ገበታ ዙሪያ ልክ እንደ ሌዎናርዶ ሥዕል ተደርድረው የስንብት እራት ያበሉታል። በዚህ ጊዜ ከመካከላችን ሰንበቴ የሚጠጣው፣ ጾም የማይፈታው ጓደኛችን ፈንዲሻውን አስቀምጦ «በዚህ እንኳ ባይቀለድ ምን ነበረበት?» አለ። በዝቅተኛ ድምፅ ነው የተናገረው። ሌላው፣ ከፊልም ሌላ ነገር የማያይ ወጣት፣ «የተቀለደው በጌታ እራት ሳይሆን በእነሱ ነው» ብሎ መለሰለት። አለፈ።

ከዚያ ድንኳኑ መጣ።

ሻለቃ ማርጋሬት ሁሊሃን የነርሶች አለቃ ናት። ሥርዓት ትወዳለች። ሰላምታ በአግባቡ ካልተሰጣት ትቆጣለች፤ ስካርና ልቅነት የሰፈነበት ሠፈር ስላስመረራት ለበላይ ሪፖርት ትጽፋለች። ሰዎቹ አስቀድመው ከበርንስ ጋር በተኛችበት አልጋ ሥር ማይክሮፎን አስገብተው ድምፅዋን ለሠፈሩ ሁሉ አሰምተዋል፤ የማትፈልገው ቅጽል ስም የወጣላትም ያኔ ነው። አሁን ደግሞ ስለ ፀጉሯ ቀለም ተወራርደዋል። ወንበር ደርድረው እንደ ቲያትር ተመልካች ይቀመጣሉ። እሷ ገላዋን እየታጠበች ሳለ ገመድ ይሳባል፤ የመታጠቢያው ድንኳን ሸራ ይነሣል። ሴትየዋ እርቃኗን መሬት ላይ ትወድቃለች፤ በእጇ ገላዋን ለመሸፈን ትሞክራለች። ጭብጨባው ይቀልጣል። ቀጥሎ ወደ አዛዡ ድንኳን ሮጣ ትሄድና «ይህ ሆስፒታል አይደለም፣ የእብዶች ቤት ነው!» እያለች ትጮኻለች፤ ሥራዬን እለቃለሁ ብላም ትዝታለች። አዛዡ አልጋው ውስጥ ከሌላ ነርስ ጋር ተኝቶ ነው የሚሰማት። ልቀቂ ይላታል።

በቤቱ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ሦስታችን ወንዶች ሣቅን። የመጽሔት አርታኢ የሆነችው ጓደኛችን ከሁላችንም በላይ ሣቀች። የቤቱ እመቤት፣ የወዳጃችን ባለቤት፣ በመንግሥት ሆስፒታል ከዐሥር ዓመት በላይ ያገለገለች ነርስ ናት። ምንም አላለችም። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ወደ ረከቦቱ መለሰች፤ ሁለተኛው ቡና ገና አልተቀዳም ነበር። ወደ ጓዳ ገባችና አልተመለሰችም።

ፊልሙ ሲያልቅ ክርክሩ ተጀመረ። ወጣቱ «በዘመኑ ዓይን ነው መታየት ያለበት፤ የጦር ሠራዊት ይህ ነው፤ እውነቱን ነው ያሳየው» አለ። አርታኢዋ ደግሞ «እኔ የሣቅኩት ሴትዮዋ ሴት በመሆኗ ሳይሆን ግብዝ በመሆኗ ነው። በርንስ ሲዋረድ ሥቄ እሷ ስትዋረድ ዝም ብል ሴትን ዝቅ አድርጌ አየሁ ማለት ነው» ብላ ተከራከረች። ቀላል ክርክር አይደለም፤ እስካሁን እያሰብኩበት ነው። ጾመኛው «ከጅምሩ አይታይም ብያለሁ» አለ። ወዳጃችን ባለቤቱ ወደ ገባችበት በር እየተመለከተ ምንም አልተናገረም። ከጓዳ በመጨረሻ አንድ ድምፅ ብቻ መጣ፦ «በማግሥቱ ማን ሥራ ይገባል? እሱን ንገሩኝ እስቲ!»

ይህ ክርክር የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። ፊልሙ ከተሠራ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ እንዳስጨበጨበ ሁሉ እያጣላ ነው የሚኖረው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1996 ለትውልድ እንዲጠበቁ ከመረጧቸው ፊልሞች ተርታ አስገብተውታል። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ብዙዎች ግን እስከ ድንኳኑ ድረስ ወድደውት ከድንኳኑ በኋላ ይጠሉታል። አልትማን በሕይወት ሳለ ሲጠየቅ ያሳየሁት እኔ ሴቶችን የማይበትን ዓይን ሳይሆን ሠራዊቱ ሴቶችን ያይ የነበረበትን ዓይን ነው በማለት ይከላከል ነበር። ሁሊሃንን ሆና የተጫወተችውና በዚህ ሚና ለኦስካር የታጨችው ሳሊ ኬለርማንም ትዕይንቱን አልካደችውም፤ ገጸ ባሕርይዋ ከዚያ ውርደት በኋላ ከድርቅናዋ ወጥታ ሌላ ሰው ሆነች የሚል አተያይ ነበራት። ኬለርማን እ.ኤ.አ. በ2022 አርፋለች፤ ሆክአይን የተጫወተው ዶናልድ ሰዘርላንድም በ2024 ተከትሏታል። የሚከራከሩት እያለቁ ክርክሩ ግን ቀርቷል።

እኔን የአልትማን መልስ ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሰኛል። የሠራዊቱን ዓይን ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ ካሜራውን ወንበር ከደረደሩት ሰዎች ጎን ማቆም ሌላ ነገር ነው። ቁስለኛው ሲደማ ካሜራው ከቁስለኛው ጋር ነው፤ በርንስ ልጁን ሲከስስ ካሜራው ከልጁ ጋር ነው፤ ድንኳኑ ሲነሣ ግን ካሜራው ከገመድ ሳቢዎቹ ጋር ነው። እኛም አብረነው። ሌላም አለ። ወደ ሠፈሩ የሚመጣ አንድ ጥቁር የአንጎል ቀዶ ሐኪም የሚጠራበት ቅጽል በእንግሊዝኛ የጥቁር ሰው ስድብ ነው፤ ፊልሙ ጦር ውርወራ ስፖርተኛ ስለነበረ ነው ብሎ ያልፈዋል። ጦርነቱ በአገራቸው የሚነድድባቸው ኮሪያውያንም እንደ ልጁ ሆ-ጆን አገልጋይ ከመሆን፣ ወይም በመንገድ ዳር ከመታየት ያለፈ ቦታ የላቸውም። በባለሥልጣን ላይ የማያወላውለው ሣቅ ወደ ታች ሲወርድ ዓይኑን ይጨፍናል።

ከፊልሙ የተወለደው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ይህን የተገነዘበ ይመስላል። እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1983 ሲታይ በሎሬታ ስዊት የተተወነችው ማርጋሬት ቀስ በቀስ ያ ቅጽል ስም እየቀረላት፣ በስሟ እየተጠራች፣ የራሷ ሐዘንና የራሷ ክብር ያላት ሴት ሆነች። የመጨረሻውን ክፍል ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳየው ይነገራል። አንድ ቀልድ ዐሥራ አንድ ዓመት ሲኖር የሚቀለድባትን ሴት መተዋወቁ አይቀርም። ሁለት ሰዓት የሚኖር ቀልድ ግን ለመተዋወቅ ጊዜ የለውም።

ይህን ሁሉ ያንን ቅዳሜ አልተናገርኩም። ዝም ብዬ ነበር፤ ምክንያቱም አያቴ ትዝ ብለውኝ ነው።

አያቴ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ኮሪያ ሲጓዝ እሳቸው አልነበሩበትም፤ የሄዱት ከሦስተኛው ጋር ነው። «ቃኘው» የሚለውን ስም የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ የአባታቸው የራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበርና። ሻለቆቹ ከአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው ተዋጉ። በተለምዶ የሚጠቀሰው ቁጥር 121 ሞተው 536 ቆሰሉ፣ አንድም የተማረከ የለም የሚል ነው። ከቆሰሉት አንዱ አያቴ ናቸው፤ በ1945 ዓ.ም. ግንቦት፣ ግራ ጭናቸው ላይ።

የኮሪያን ወሬ ከቤት ውጭ አያነሡም ነበር። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በተወዳጀባቸው ዓመታት የደቡቡን ሜዳሊያ ደረት ላይ ማንጠልጠል የሚያስከትለው ነገር ስላሰጋቸው በጨርቅ ጠቅልለው ከሣጥን ግርጌ አኖሩት። ወሬውንም አብረው የጠቀለሉት ይመስለኛል። ለእኛ ለልጅ ልጆቻቸው ብቻ ሲያወጡት ግን ሁልጊዜ በሣቅ ነበር የሚያወጡት። ስለ መድፉ አይናገሩም። ስለ ድንኳኗ ነው የሚናገሩት።

«ከጎኗ አልጋ የታሰረባት፣ ከዝንብ እምብዛም የማትበልጥ ሄሊኮፕተር ላይ ጠፍረው አወጡኝ። ስነቃ ሐኪሞቹ በላዬ ላይ ቆመው ይሥቃሉ። እኔ በእኔ የሚሥቁ መስሎኝ ተቀየምኩ! በአማርኛ ሰደብኳቸው። እነሱም ሣቁ። በኋላ አስተርጓሚው መጥቶ ሁለት ቀን እንዳልተኙ ነገረኝ። ለካ እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ነው የሚቀልዱት። እንግዲህ እኔ በሣቅ የተሰፋሁ ሰው ነኝ» ይሉና ጭናቸውን መታ መታ ያደርጋሉ።

በ2005 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ሰሞን ይህን ፊልም አገኘሁና እሳቸውን ለማስደሰት በላፕቶፕ ከፈትኩላቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ነበር። መግቢያው ላይ ሄሊኮፕተሮቹ ቁስለኛ በጎናቸው አዝለው ብቅ ሲሉ ከወንበራቸው ወደፊት አጋደሉ። «እሷ ናት!» አሉ። ሐኪሞቹ ሲቀልዱ ቋንቋውን ሳይሰሙ ከእኔ ቀድመው ሣቁ። እኔ እየተረጎምኩ፣ እሳቸው እየሣቁ ድንኳኑ ጋ ደረስን። ሸራው ተነሣ። እኔ ሣቅኩ። አያቴ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና «ዝጋው» አሉኝ።

«አባባ፣ ቀልድ እኮ ነው። ሴትዮዋ ክፉ አለቃ ስለሆነች ነው።»

«ዝጋው ብዬሃለሁ። ይህችማ አስታማሚ ናት።»

ዘጋሁት። የሽማግሌ ጨዋነት ነው፣ እርቃን ማየት ነውር ሆኖባቸው ነው ብዬ ተረዳሁት። አያቴ በ2008 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ፊልሙን አላነሣንም። አሁን ሳስበው ነውር የሆነባቸው እርቃኑ አልነበረም። በዚያች ድንኳን ውስጥ ሌሊት ሲያቃስቱ ውኃ ያቀበለቻቸው፣ ፋሻቸውን የቀየረችላቸው፣ ቋንቋዋን የማያውቁት አንዲት ሴት ነበረች። «እኅቴ» እያሉ ነበር የሚያነሷት፤ ስሟን አላወቁትም። ሐኪሞቹ ሥቀው ሰፏቸው፤ እሷ ሳትሥቅ አስታመመቻቸው። የፊልሙ ቀልድ የእሷን ድንኳን ሲገልጥ የእሳቸውም ቁስል አብሮ ተገለጠ። እኔ ግን ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሐኪሞቹን ብቻ ነበር የማየው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ጽሑፍ ለመጀመር ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

በ2011 ዓ.ም. በምሠራበት ቅርንጫፍ የገንዘብ ከፋዮች ኃላፊ የሆኑ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ፣ ያላገቡ፣ ሥርዓት የሚወዱ። ከሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ያሳለፈ ሰው ስሙ ይመዘገባል። የብር እስር ሁለት ጊዜ ሳይቆጠር ካዝና አይገባም። ሠራተኛው አይወዳቸውም ነበር፤ እኔም አልወዳቸውም ነበር። ይህም ሆኖ ግን አንድ ምሽት በመስኮቴ ሁለት ሺህ ብር ጎድሎብኝ ላብ ሲያጠምቀኝ ሌላው ሁሉ ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ እሳቸው ብቻ አጠገቤ ቀሩ። እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አንድ በአንድ አብረን ደረሰኝ ገለበጥን። አገኙት። «ሒድ፣ ታክሲ ሳይጠፋ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ባልደረባችን በጡረታ ሲሰናበት በቅርንጫፉ ሻይና ዳቦ ተዘጋጀ። ገጣሚ ነህ ተብዬ ግጥም እንዳነብ ተጠየቅሁ። ዐሥራ ሁለት ስንኝ ጻፍኩ። ስምንቱ ስለ ተሰናባቹ ነበሩ። የቀሩት አራቱ ስለ እሳቸው ነበሩ፤ ስለ ጥብቅነታቸው፣ ስለ ባዶ ቤታቸው፣ ማንም ስላልደፈረው ካዝና። ስንኞቹን እዚህ አልደግማቸውም። አንድ ጊዜ ማንበቤ ይበቃል። ቤት ይመታሉ፤ ምጣኔያቸውም አይሰናከልም፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ እንደነሱ የተጨበጨበለት የለኝም። ከሁሉ በላይ የሣቁት ሥራ አስኪያጁ ነበሩ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን እንደ ይቅርታ ቆጠርኩት።

ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ደጋግሞ እንዲቆጥር በታዘዘ ቁጥር አንዱ ከኋላ የስንኟን መጀመሪያ ያዜማል። ሌላው ይቀበላል። በሦስተኛው ወር ዝውውር ጠይቀው ሄዱ። የሽኝት ሻይ አልተዘጋጀላቸውም፤ አልፈልግም አሉ ተባለ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ግጥሜ «ሰው የሚነካ ኃይል አለው» እየተባልኩ በኩራት ኖርኩ።

እንግዲህ ያንን ቅዳሜ ማታ ሁሊሃን መሬት ላይ ስትወድቅ እንደ ሁልጊዜው ሣቅኩ፤ ሣቁ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ወንበር የደረደሩትን ሰዎች አየሁ። በፊት ረድፍ ላይ አንድ ወረቀት የያዘ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። ከጓዳ የመጣው ጥያቄም መልስ ነበረው፦ በማግሥቱ ሥራ የገቡት እሳቸው ናቸው። ሦስት ወር ሙሉ በየማለዳው፣ ከሁለት ሰዓት አስቀድመው፣ እያንዳንዱን እስር ሁለት ጊዜ እየቆጠሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት አሁን ወደሚሠሩበት ቅርንጫፍ ሄድኩ። ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ሲያዩኝ ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቱኝና «ምን ጎደለብህ?» አሉኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። በዚያ ግጥም በድዬዎታለሁ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። «ግጥሙማ ጥሩ ነበር» አሉ። «ስንኙን ረስቼዋለሁ። ማን ማን እንዳጨበጨበ ግን አስታውሳለሁ።» ከዚያም የያዙትን እስር መቁጠር ጀመሩ። ጨርሰው ደግመው ቆጠሩት። «አሁንም ትጽፋለህ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«እጽፋለሁ።»

«ጻፍ።»

ይህ ይቅርታ ይሁን ስንብት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ።

ወዳጆቼ አሁንም ይጠይቁኛል፤ ፊልሙ ይታይ ወይስ አይታይ? እኔ ይታይ ባይ ነኝ። ያ ሣቅ ባይኖር አያቴን የሰፋው እጅ እንቅልፍ ይጥለው ነበር፤ ጦርነትን እንደ ፓተን ብቻ የሚያይ ዓለምም ከዚህ የባሰ ይሆን ነበር። ድንኳኑም ተቆርጦ አይውጣ። የተቆረጠ ትዕይንት ማንንም አያሳፍርም፤ እኔን ያሳፈረኝ ስላልተቆረጠ ነው። ግን በባንክ ቤት እንደምናደርገው ሣቃችንንም ሁለት ጊዜ እንቁጠረው። በመጀመሪያው ቆጠራ ሁሉም ልክ ይመስላል። ጉድለቱ የሚገኘው በሁለተኛው ነው፤ ያንን ጉድለት ያኔ ያገኙልኝ እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ግን የእሳቸውን ሳላይ ስንት ዓመት ካዝናውን ዘጋሁ።

ለወዳጄ ባለቤት በሚቀጥለው ወር ቡናው ሳይፈላ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝ፤ ፍርድ አልሰጠችም። ሁለተኛውን ግን ቀዳችልኝ። ያለፈ ተራዬንም በዚህች ግጥም ከፈልኩ።

ሣቅ ምላጭ ነው አሉ፣ በያዘው ይለያል፣
በሐኪሙ መዳፍ ቁስል ገልጦ ያያል።
እኔም ያንን ምላጭ በቀለም ነክሬ፣
ደኅና ገላ ቆረጥኩ ለአንድ ቀን ክብሬ።
ድንኳኑ ሲገለጥ ፊት ወንበር ነበርኩኝ፣
ስታጎነብስ አይቼ ከሰው ጋራ ሣቅኩኝ።
አሁን ሸራው ከብዶ ገመዱን ብስበው፣
አልመለስ አለኝ ያኔ እንደነበረው።